ዘጌ ወደብ ላይ ምን ይሠራ?

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚሻገሩ ጀልባዎች በጠዋት ይነሣሉ። ምክንያቱን የትኛውም ባለ ጀልባ ይነግርዎታል፤ ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣበታል፣ ማዕበሉም ትንንሽ ጀልባ ያንገላታል። አንድ ሰዓት ያህል ከተጓዙ በኋላ ባሕረ ገብ መሬቱ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆኖ ፊት ለፊት ይመጣል። ደኑ እስከ ውሃው አፍ ይወርዳል። ቤቱም መንገዱም ከዛፍ ሥር ስለሆነ ከሐይቁ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው እምብዛም አይለይም።

ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል፣ ጀልባው ቀስ እያለ ወደ ዳር ይጠጋል፣ ረዳቱ ገመዱን ይዞ ይዘላል። ሰው መውረድ ይጀምራል። ወጣቶቹ በአንድ እርምጃ ድንጋዩ ላይ ናቸው። ነጠላ ያጣፉ እናት ግን አንድ እጃቸውን ለረዳቱ፣ ሌላውን ለልጃቸው ሰጥተው፣ ጀልባው መወዛወዙን እስኪተው ይጠብቃሉ። ከኋላቸው ያለ እንግዳ ሽንት ቤት የት እንደሆነ ይጠይቃል። አስጎብኚው ትንሽ አመንትቶ ወደ ጫካው ይጠቁማል።

ስለ ዘጌ ብዙ ሰው ግማሹን ያውቃል። የኡራ ኪዳነ ምሕረትንና የአዝዋ ማርያምን የግድግዳ ሥዕሎች በፖስት ካርድም በቴሌቪዥንም አይቷል። ከጀልባው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ባለው መካከል ስለሚሆነው ግን ብዙም አይጻፍም። የዚህ ዘገባ ጉዳይ ያ መካከል ነው፤ መውረጃው፣ ሽንት ቤቱ፣ ጥላው፣ መንገዱ፣ የቆሻሻው መጨረሻ።

የሐይቅ ዳር ልማት ሲነሣ ቶሎ የሚታሰበን ሎጅና ሪዞርት ነው። ከጣና በስተሰሜን፣ ጎርጎራ ላይ፣ በ«ገበታ ለሀገር» የተሠራው ሪዞርት የዚያ ዓይነት ትልቅ ሥራ ነው፤ የራሱም እንግዳ አለው። ዘጌ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ጎብኚው ጠዋት መጥቶ በዚያው ቀን ይመለሳል፣ ምእመኑ ለንግሥ ይጎርፋል፣ ነዋሪው ደግሞ ቡናውንና ፍራፍሬውን ይዞ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ይመላለሳል። ሦስቱም የሚረግጡት ያንኑ ዳርቻ ነው። እዚህ የሚያስፈልገው ግንባታ ጥቂት ነው፤ ጥቂት በመሆኑም አንዱ ከተበላሸ የሚሸፍነው የለም።

ደኑ ለምን ቆየ

በአካባቢው የሚነገረው ትውፊት እንዲህ ነው። አቡነ በትረ ማርያም የተባሉት ጻድቅ ወደ ዘጌ በመጡ ጊዜ በትራቸውን ሰብረው ተከሉት፤ ከእርሱም ቡናና ጌሾ በቀለ። ሕዝቡ ሳያርስ፣ ከተከለው ተክል ብቻ እንዲኖር ተፈቀደለት። በዚህ የተነሣ በዘጌ ማረስና ከብት ማርባት በሥርዓት የተከለከለ ሆኖ ኖረ። ትውፊቱን እንደ ታሪክ የሚቀበለውም፣ እንደ ምሳሌ የሚያየውም ሰው ውጤቱን አይክድም። ዙሪያው ያለው አገር ሲታረስና ሲራቆት ዘጌ ደኑን ይዞ ቀረ። ከላይ ዋንዛውና ሾላው፣ ከሥር ቡናው።

ለሚሠራ ሰው ይህ ከባድ ትእዛዝ አለው። ዘጌ ላይ ዛፍ ቆርጦ ቦታ ማስተካከል የመሬት ዝግጅት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ትልቁ ዛፍ የቡናው ጥላ ነው፤ ከሥሩ ያለው እያንዳንዱ የቡና እግር ባለቤት አለው። ለመኪና ማቆሚያ ወይም ለመዝናኛ ሰገነት ተብሎ የሚመነጠር አንድ ጥግ የአንድ ቤተሰብ ዓመታዊ ገቢ ሊሆን ይችላል። ደግሞም እንግዳው ጀልባ ተሳፍሮ የመጣው ያንን ደን ሊያይ ነው።

ዳርቻውም ቢሆን ባለቤት አለው፤ ባለቤትነቱ ግን በአጥር አይታይም። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ መሥራት ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ጋር አብሮ የኖረ ሙያ ነው፤ ዛሬም ታንኳ ለዓሣ ማጥመጃ፣ ለእንጨትና ለዕቃ ማመላለሻ ያገለግላል። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ታንኳው ከሥራ ሲመለስ ወደ ደረቅ ተስቦ ፀሐይ ካልመታው ይከብዳል፣ ቶሎም ይበሰብሳል። ስለዚህ ለስለስ ብሎ ወደ ውሃ የሚወርድ ገላጣ ዳርቻ ለባለ ታንኳው የሥራ ቦታ ነው። ረፋድ ላይ፣ ታንኳዎቹ ሁሉ ውሃ ላይ በሄዱበት ሰዓት ካሜራና ሜትር ይዞ የመጣ ባለሙያ ያንን ቦታ ባዶ አድርጎ ይመዘግበዋል። ካፌው ወረቀት ላይ የሚቀመጠው እዚያ ነው።

«ለሥዕል የሚያምረው ባዶ ዳርቻ፣ የታንኳ ማድረቂያ ነው።»

ዳርቻው ከሚሠራበት ሰው እጅ ይወጣል የሚለው ስጋት ከሜዳ የመጣ አይደለም። ቢሾፍቱን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ከሐይቆቹ ዳርቻ ብዙው በሆቴልና በግል ግቢ ተይዟል፤ ውሃውን ቀርቦ ማየት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ አንድ በር ማለፍ፣ አንድ ነገር ማዘዝ አለበት። ሐዋሳ ላይ፣ አሞራ ገደል፣ ሌላ መልክ ይታያል። ዓሣ አጥማጁ መረቡን ያራግፋል፣ ሴቶች ዓሣ ይጠብሳሉ፣ አባ ኮዳዎቹ ፍርፋሪ ይጠብቃሉ፣ ጎብኚውም በመካከላቸው ቆሞ ይበላል። ግርግር አለ፣ ሽታም አለ። ቢሆንም ሰው የሚሄደው ዳርቻው ገና የሥራ ቦታ ስለሆነ ነው። ዘጌ ከሁለቱ ወደ ሐዋሳው ቢቀርብ እመርጣለሁ።

ውሃው አንድ ቦታ አይቆምም

ጣና በዓመት ውስጥ ከፍና ዝቅ ይላል። ክረምት ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ሲሞሉበት ይነሣል፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ ከፍተኛው ደረጃ ይደርሳል፤ ከዚያ እስከ ግንቦትና ሰኔ መግቢያ ይወርዳል። ልዩነቱ በተለመደ ዓመት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ለገደላማ ሐይቅ ይህ ብዙ አይባልም። ጣና ግን ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ ወደ 15 ሜትር ነው። ዳርቻው ዝርግ በሆነበት ሁሉ የአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ብዙ እርምጃ ጭቃ ማለት ነው።

በዚህ ላይ የሰው እጅ አለበት። በ1988 ዓ.ም. ባሕር ዳር አጠገብ፣ ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት፣ የጨረጨራ ግድብ ሥራ ጀመረ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከሐይቁ ውሃ በዋሻ መውሰድ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የውሃው ከፍታ ለዝናቡ ብቻ ሳይሆን ለተርባይኑም ይታዘዛል። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ክፉኛ ሲሸሽ ትልልቆቹ ጀልባዎች መጠጊያ አጥተው ለወራት ቆመው ነበር። ዕድሜያቸው የገፋ ባለ ጀልባዎች ያንን ጊዜ ሳይጠየቁ ያነሡታል።

እንግዲህ በአንድ ከፍታ የተወሰነ የኮንክሪት መድረክ ለዚህ ውሃ ምን ይሆናል? በመስከረም በልክ ይሆናል። በግንቦት የጀልባው አፍ ከታች ሆኖ መድረኩ ከላይ ይቀራል፤ መውረጃ ተብሎ የተሠራው መውጫ ግድግዳ ይሆናል። ውሃው ከዚያም በላይ ሲሸሽ መድረኩ ጭቃ ላይ ቆሞ ይታያል፣ ጀልባዎቹ ደግሞ ሌላ ድንጋይ ፈልገው ይጠጋሉ። ገንዘቡ ወጥቶ እናቲቱ አሁንም የረዳቱን እጅ ይይዛሉ።

መሐንዲሶች ለዚህ የሚሰጡት ዘመናዊ መልስ ተንሳፋፊ መድረክ ነው፤ በአየር በታሸገ በርሜል ላይ የሚቆም፣ ከውሃው ጋር የሚነሣና የሚወርድ፣ ከዳር ጋር በማጠፊያ ድልድይ የተያያዘ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ባለ ጀልባዎቹ ግን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከቀትር በኋላ የሚነሣው ማዕበል ማሰሪያውን በየቀኑ ይጎትተዋል፤ እምቦጭ የተባለው አረም በነፋስ ተገፍቶ ሲመጣ ከሥሩ ይከማቻል፤ አንድ በርሜል ሲቀደድ መለዋወጫው ከየት ይመጣል? ጥያቄያቸው ትክክል ነው።

የተሻለው መልስ የቆየው መልስ ነው፦ ደረጃ። ከጥቁር ድንጋይ የተጠረበ፣ ሰፋ ያለ፣ ከውሃው ከፍተኛ ምልክት በላይ ተነሥቶ ከዝቅተኛው ምልክት በታች የሚያልቅ ደረጃ። ውሃው የትም ይቁም፣ ጀልባው ከፊቱ አንድ እርከን ያገኛል። የእያንዳንዱ እርከን ከፍታ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን አሮጊትም ሕፃን ያዘለችም ትወጣዋለች። የድንጋዩ ፊት እንዳይለሰልስ በመሮ ሻካራ ይደረጋል፤ ወራት ውሃ ውስጥ የቆየ እርከን አረንጓዴ ያበቅላል፣ ለስላሳ ከሆነ እግር ይሰብራል። በአንድ ጎኑ የብረት መደገፊያ፣ በሌላው የገመድ ማሰሪያ ቀለበት። ከአጠገቡ ያለው ዝርግ ዳርቻ እንዳለ ለታንኳ ይተዋል። በየትኛው ጥግ ላይ ይሁን የሚለውን ነፋሱን የሚያውቁት ይወስኑት።

መጀመሪያ ሽንት ቤቱ

የሐይቅ ዳር ፕሮጀክት ሲቀርብ ሽንት ቤት የሥዕሉ ጥግ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። ማንም አይጠይቅበትም። ጎብኚውን ግን ይጠይቁት። ሴት ከሆነች፣ ከልጅ ጋር ከሆነች፣ ዕድሜዋ የገፋ ከሆነ፣ ጠዋት ሻይ ሳትጠጣ እንደተነሣች ትነግርዎታለች፤ ሽንት ቤት እንደማይኖር ስላወቀች። የቀኑን ርዝማኔ የወሰነው ቤተ ክርስቲያኑ ሳይሆን ይኸው ነው።

ጉዳዩ ከምቾት ያልፋል። በባሕር ዳርና በዘጌ አካባቢ ከአፈሩ ሥር ብዙ ቦታ ላይ ስንጥቅጥቅ ጥቁር ድንጋይ አለ። ጉድጓድ ለመቆፈር ያስቸግራል፤ ቢቆፈርም ፈሳሹ በስንጥቁ በኩል ወደ ሐይቁ ለመውረድ ጊዜ አይፈጅበትም። በክረምት ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ስለሚል ዳር ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ከሥር ይሞላል። እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ ከታወቀ፣ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፣ ስንት ሰው በእጁ ሲነቅለው እንደዋለ አገር ያውቃል። አረሙን ከሚያፋፉት ነገሮች አንዱ ከእርሻና ከከተማ ፍሳሽ ወደ ውሃው የሚገባ ማዳበሪያ ንጥረ ነገር ነው። አንድ የሚያንጠባጥብ ሽንት ቤት ከከተማው ፍሳሽ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ሆኖም በአንድ እጅ አረም እየነቀልን በሌላው የምንመግብበት ምክንያት የለም።

ለዚህ ዓይነት መሬት የሚስማማው ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሠራ ደረቅ ሽንት ቤት ነው። ከሥሩ ሁለት የታሸጉ ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ሲሞላ ተዘግቶ ይቀመጣል፣ በሌላው ይቀጠላል። ሽንቱ በተለየ ቱቦ ይወጣል፤ ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ አንድ ጭልፋ አመድ ይደፋል። አመድ ዘጌ ላይ ከየምድጃው ይገኛል። ደርቆ የሚወጣውን ለቡና ማዳበሪያ ማድረግ ይቻላል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ይሁን አይሁን የሚለው ግን የነዋሪው ውሳኔ ነው። እምቢ ቢሉ ከውሃ ርቆ መቀበሪያ ቦታ ከመጀመሪያው መታሰብ አለበት።

የእጅ መታጠቢያው ውሃ ከጣሪያ ይመጣል። በአካባቢው በዓመት ወደ 1400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርዳል። 20 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ይህ 28 ሺህ ሊትር ነው። የሚፈሰውና የሚተነው ቢቀነስ እንኳ ብዙ ይተርፋል። ችግሩ አብዛኛው በክረምት መምጣቱ ነው፤ ስለዚህ አንድ ትልቅ ሮቶና የሚዘጋ ቧንቧ ያስፈልጋል። ከዚህ ሌላ የሚቀሩት ነገሮች ትንንሽ ናቸው፣ ዋጋቸውም ርካሽ፦ ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ ቦርሳና ነጠላ መስቀያ፣ ለሴቶች ክዳን ያለው ባልዲ፣ ከዓይን ከፍ ያለ መስኮት። እነዚህ የጎደሉበት ሽንት ቤት ሴቶች የማይገቡበት ይሆናል።

ስንት ይሠራ? እዚህ ላይ የካቲት 16 ይመጣል። በኪዳነ ምሕረት ንግሥ ቀን ወደቡ የሚቀበለው ሕዝብ ከአዘቦቱ ጋር አይገናኝም። ለዚያ ቀን ልክ የሚሠራ ሕንጻ ዓመቱን ሙሉ ባዶውን ቆሞ ይፈርሳል። የእኛ አገር ለዚህ መፍትሔ ካወጣ ቆይቷል። ለሰርግም ለተዝካርም ዳስ ይጣላል፣ ሲያበቃ ይነሣል። ለንግሡ ሳምንት ከውሃ ርቆ የሚቆፈር ጊዜያዊ ቦይና መከለያ፣ ተጨማሪ ጥላ፣ ተጨማሪ የውሃ በርሜል ይዘጋጅ፤ የዳሱ እንጨት ማስገቢያ ቀዳዳ ብቻ ቀድሞ በድንጋይ ይሠራ።

«በዓሉን በዳስ፣ አዘቦቱን በድንጋይ።»

ጥላ፣ መንገድና ገበያ

ከዝናብና ከፀሐይ መጠለያ የሚሆን አንድ ክፍት ቤት ወደቡ አጠገብ ያስፈልጋል። ከዛፉ መስመር በስተኋላ ይቁም፤ ጣሪያው ከዛፎቹ ጫፍ አይበልጥ። ምሰሶው ከባህር ዛፍ ወይም ከአዊ ከሚመጣው ቀርከሃ ይሁን፣ እግሩ ግን ድንጋይ ላይ ይረፍ፤ አፈር የነካ እንጨትና ቀርከሃ ለምስጥ ነው። ክዳኑን በተመለከተ ሰው ይከራከራል። ሰንበሌጥ ያምራል፣ ቀዝቃዛ ነው፣ በየጥቂት ዓመቱ ግን ይታደሳል፤ አዳሹ ካልተከፈለ ያፈሳል። ቆርቆሮ ይቆያል፣ ውሃም ይሰበስባል፣ ያንጸባርቃል። እኔ ለሽንት ቤቱ ውሃ ስለሚያስፈልገው ቆርቆሮ፣ ፈዛዛ ቀለም የተቀባ፤ ለመጠለያው ሣር እላለሁ። አግዳሚ ወንበር ላይ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሰዉ ዛሬ የት እንደሚቀመጥ ይታይ። ከሾላው ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ከሆነ፣ ድንጋዩን ማስተካከል ይበቃል።

ከወደቡ ወደ ገዳማቱ የሚወጣው መንገድ በቡናው መካከል ያልፋል። ኮብልስቶን እናንጥፍበት የሚል ሐሳብ ይነሣል። መንገዱን የሚያበላሸው ግን እግር ብቻ አይደለም፤ በክረምት መንገዱን ወንዝ የሚያደርገው ጎርፍ ነው። ውሃውን በየጥቂት እርምጃው ወደ ጎን የሚያወጣ አግድም ድንጋይና ትንሽ ቦይ ከተሠራ፣ ቀሪው አፈር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። የዛፍ ሥር የሚቆረጥበት ምክንያትም ይቀራል።

በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ሴቶችና ወጣቶች ትንንሽ የደንገል ታንኳ፣ የብራና ሥዕል፣ ሸክላ ዘርግተው ይሸጣሉ። ከጎብኚዎች አንዳንዱ መንገዱ ጠበበኝ፣ ተጨነቅሁ ይላል። የተለመደው መፍትሔ ሻጮቹን በአንድ ሱቅ ሰብስቦ ከመንገዱ ማውጣት ነው። ሻጮቹ የሚሉትን መስማት ግን ይበጃል። እንግዳው ሲወጣ ቸኩሏል፣ ሲወርድ ጀልባው እየጠበቀው ነው፤ የሚገዛው ትንፋሹን ለመሰብሰብ በቆመበት ቦታ ነው። ስለዚህ አቀበቱ በሚያደክምበት መካከል ላይ መንገዱ ሰፋ ይበል፣ መቀመጫና ጥላ ይኑረው፣ ሻጮቹም እዚያ ይሁኑ። ቡናም የሚፈላው በአካባቢው ነዋሪ እጅ፣ ከዚያው ከጫካው በተለቀመ ቡና ይሁን፤ ለዚህ ካፌ መሥራት አያስፈልግም።

የውሃ ላስቲኩን ነገር ባጭሩ፦ ዘጌ ላይ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ በርሜል ማብዛት በርሜሉን ማን ያነሣዋል የሚል ጥያቄ ያስከትላል። በጀልባ የመጣ ባዶ ጠርሙስ በጀልባው ይመለስ። በየጀልባው አንድ ጆንያ ይበቃል።

ሳይሳፈሩ መታወቅ ያለበት

ከጣና ገዳማት ክብራን ገብርኤል ሴት አያስገባም። ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ። ሥርዓቱ የገዳማቱ ነው፤ የሚያከብረው ሰው ብዙ ነው። የሚያስቀይመው ሴቲቱ ገንዘብ ከፍላ፣ ውሃ ተሻግራ፣ ዳር ከደረሰች በኋላ ጀልባው ውስጥ ጠብቂ መባሏ ነው። የትኛው ገዳም ማንን እንደሚቀበል፣ አለባበሱ፣ ጫማ የሚወልቅበት፣ ፎቶ የሚፈቀድበትና የማይፈቀድበት፣ የመግቢያው ክፍያ፣ ከቀትር በኋላ ስለሚነሣው ነፋስ ጭምር፣ መጻፍ ያለበት ባሕር ዳር መሳፈሪያው ላይ ነው። ይህ ከተደረገ ዘጌ ላይ የሚተከለው ሰሌዳ አንድ ቀስትና ሁለት ስም ይበቃዋል። አባቶችም በየደጃፉ ያንኑ ደንብ ለእያንዳንዱ ሰው ከማስረዳት ያርፋሉ።

ቁልፉ ማን ጋ ነው?

በአገራችን ብዙ የጎብኚ መቀበያ በሪባን ተከፍቶ በቁልፍ ተዘግቷል። ሕንጻው አለ፤ ቁልፉ ግን ስብሰባ ከሄደ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ዘጌ ላይ የሚመለከታቸው ብዙ ናቸው፦ ገዳማቱ፣ ቀበሌው፣ የባለ ጀልባዎች ማኅበር፣ አስጎብኚዎች፣ ሻጮች። ሁሉም የሚመለከተው ሥራ የማንም ሳይሆን ይቀራል። ስለዚህ ከሲሚንቶው በፊት የጽዳት ሠራተኛዋ ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ ይጻፍ። ከእያንዳንዱ የጀልባ ተሳፋሪ የምትቆረጥ ትንሽ ገንዘብ ለዚህ ብቻ ትዋል፤ የሽንት ቤቱ ቁልፍም ሁልጊዜ እዚያው በምትውል ሰው እጅ ይሁን። ከሻጮቹ አንዷ ብትሆን ደግሞ ዓይኗ ከበሩ አይርቅም።

አንድ የሚያሳስብ ነገር አለ። በነዚህ ዓመታት በአማራ ክልል ባለው ግጭት የተነሣ የጎብኚው እግር ቀንሷል፤ ታስረው የሚውሉ ጀልባዎች ብዙ ናቸው። እንግዳ በሌለበት ስለ እንግዳ ማረፊያ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኔ ተቃራኒው ይታየኛል። ለጎብኚ ብቻ የተሠራ ነገር ጎብኚ ሲጠፋ ይሞታል። ደረጃው፣ ሽንት ቤቱ፣ ጥላው ለነዋሪው ከተሠራ ግን ሰላሙ እስኪመለስ በየቀኑ ይረገጣል፣ ይጠረጋል፣ የተሰበረው ይጠገናል። ነፍሰ ጡሯ ወደ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት የምትሻገረው በዚያው ደረጃ ነው።

ከሥራው ሁሉ የሚቀድመው እምብዛም ገንዘብ አይጠይቅም። ጥቅምት ላይ ውሃው የደረሰበትን ድንጋይ በነጭ ቀለም መስመር ማስመር፤ ግንቦት መጨረሻ ላይ ደግሞ የወረደበትን። በመካከል፣ በየወሩ፣ ጀልባዎቹ የተጠጉበትን፣ ታንኳ የደረቀበትን፣ ሴቶቹ ውሃ የቀዱበትንና ልብስ ያጠቡበትን ቦታ በአንድ ወረቀት ላይ መመዝገብ። የአካባቢው ተማሪዎች ሊሠሩት ይችላሉ። መሐንዲሱ ሜትሩን ይዞ የሚመጣው ያ ወረቀት ሲሞላ ነው፤ ሲመጣም በጠዋት ሳይሆን ከቀትር በኋላ ይምጣ፣ ነፋሱ ተነሥቶ ጀልባዎቹ ለመጠጋት ሲቸገሩ።